ከዕቃው ወደ ጽንሱ፦ የፕላስቲክ ኬሚካሎችና የአንጎል ዕድገት

አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ከመጠቅለያው ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ብዙዎቻችን «የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ሽታ ማለት ከዕቃው የተለዩ ሞለኪውሎች በአየር ተጉዘው አፍንጫችን ዘንድ ደርሰዋል ማለት ነው። ዕቃው ጠጣር ነው፤ ቅርጹ አልተለወጠም፤ ሚዛን ላይ ቢወጣም ክብደቱ የጎደለ አይመስልም። ሆኖም ከራሱ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ነው። ሽታ የሌላቸውና አፍንጫችን የማይለያቸው ሌሎች ሞለኪውሎችም እንደዚሁ ይወጣሉ።

እኛ ይህን ነገር በሚገባ የተረዳነው በመጽሐፍ ሳይሆን በራሳችን ስሕተት ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ ሀገር ሳለን፣ አየሩ ተመጥጦ ባዶ በሚደረግ የብረት ዕቃ ውስጥ ልዩ ልዩ ልኬቶችን እንወስድ ነበር። አንድ ማታ ለጊዜው ይሁን ብለን አንዲት አጭር ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ከውስጡ አስገባን። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቢያድርም ግፊቱ ከምንፈልገው ደረጃ ሊወርድ አልቻለም። በማግሥቱ ስንከፍተው በመስኮቱ መስታወት ላይ ስስ የቅባት ሽፋን አገኘን። ቅባቱ ቱቦዋን ለማለስለስ በፋብሪካ የተጨመረው ፈሳሽ ነበር።

በዚያን ጊዜ የደረሰብን ጉዳት የአንድ ሳምንት ጽዳት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ከዕቃ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ ነፍሰ ጡር እናት ደም፣ ከእናቲቱም ወደ ጽንሱ ሲሻገሩ፣ ገና በመሠራት ላይ ያለውን አንጎል ምን ያደርጉታል? የፊዚክስ መምህራን ስለ አንጎል ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሙቀትና ከሞለኪውሎች እንቅስቃሴ መሆኑን ቀጥሎ ያያል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናሳስባለን።

ፕላስቲክ ከምን ከምን ይሠራል?

የፕላስቲክ መሠረቱ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ራሱ ረጅምና ከባድ በመሆኑ በቀላሉ ከዕቃው ተለይቶ አይሄድም። ተለይተው የሚሄዱት ሌሎች ናቸው፤ አንደኛ፣ ሳይያያዙ የቀሩ ዶቃዎች፤ ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ በሙቀትና በውሃ ሲበጠስ የሚለቀቁ ቁርጥራጮች፤ ሦስተኛ፣ ፕላስቲኩን ለማለስለስ፣ ለማቅለም ወይም እሳት በቶሎ እንዳይዘው ለማድረግ የሚጨመሩ ቅመሞች ናቸው። በ2024 የወጣው «ፕላስትኬም» የተሰኘው ዘገባ ከፕላስቲክ ጋር የተያያዙ ከ16,000 በላይ ኬሚካሎችን መዝግቦ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ4,200 የሚበልጡት ለጤና ወይም ለአካባቢ አሳሳቢ መሆናቸውን አመልክቷል። በ1950 ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የዓለም ዓመታዊ የፕላስቲክ ምርት ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ መድረሱም መዘንጋት የለበትም።

ከአንጎል ዕድገት ጋር በተያያዘ በብዛት የተጠኑት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ፋታሌቶች ይባላሉ። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በተፈጥሮው እንደ ውሃ ቧንቧ ደረቅ ነው። ደረቅ ቆዳ በቅቤ ታሽቶ እንደሚለሰልስ ሁሉ፣ ፒ.ቪ.ሲ.ም በሰንሰለቶቹ መካከል ፋታሌት ሲገባበት ይለሰልሳል። ከሆስፒታል የደም ከረጢት ክብደት እስከ 40 ከመቶ የሚሆነው ፋታሌት ሊሆን ይችላል። ቅቤው ከቆዳው ጋር በኬሚካል ትስስር ስላልተሳሰረ ቆዳውን የነካ ጨርቅ እንደሚቀባ፣ ፋታሌትም ከሰንሰለቱ ጋር ስላልታሰረ ወደ ነካው ነገር፣ በተለይም ወደ ቅባት ምግብ ይሻገራል።

ሁለተኛው ቢስፌኖል ኤ ነው። ፖሊካርቦኔት የተባለው ጠንካራና እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የሚሠራው ከዚህ ሞለኪውል ነው። የታሸጉ የምግብ ቆርቆሮዎች ውስጣቸው እንዳይዝግ የሚቀቡት ሽፋንም በአብዛኛው ከእርሱ ይሠራ ነበር። ከማሽን የሚወጣው፣ በሙቀት የሚታተመው የደረሰኝ ወረቀትም ሌላው መገኛው ነው።

ሦስተኛዎቹ ብሮሚን የያዙ እሳት ተከላካዮች ናቸው። በቴሌቪዥንና በኮምፒውተር ሽፋን፣ በሶፋና በፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲጨመሩ ቆይተዋል። እነዚህ በብዛት ወደ ሰውነት የሚገቡት ከቤት አቧራ ጋር ነው፤ ከገቡም በኋላ በስብ ውስጥ ተከማችተው ለዓመታት ይቆያሉ።

ሙቀት የዚህን ሁሉ ፍጥነት ይለውጣል። ሙቀት ሲጨምር ሞለኪውሎች በበለጠ ኃይል ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚያግዳቸውን ጉብታ ዘልለው የሚወጡትም ቁጥራቸው ይበዛል። ይህ ብዛት ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተራመደ የሚያድግ ሳይሆን እየተባዛ የሚያድግ ነው። በ2008 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የፖሊካርቦኔት ውሃ መያዣዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል። መያዣዎቹ የፈላ ውሃ ሲገባባቸው ቢስፌኖል ኤ የሚለቁበት ፍጥነት ቀዝቃዛ ውሃ ከነበረባቸው ጊዜ ይልቅ ከ15 እስከ 55 እጥፍ ጨመረ። መያዣዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የውሃው ሙቀት ነው።

ብልቃጡ ያታለላቸው ተመራማሪዎች

ከፕላስቲክ የሚወጣው ነገር በሕይወት ሥራ ውስጥ ጣልቃ እንደሚገባ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እርሾ የሴት ሆርሞን የሆነውን ኢስትሮጅን የመሰለ ነገር ይሠራ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። ያሰቡትን የመሰለ ንጥረ ነገር አገኙ። ነገር ግን ጠልቀው ሲመረምሩ ነገሩን የሠራው እርሾው አልነበረም። ከጀርም ለማጽዳት በጋለ እንፋሎት ከተቀቀለው የፖሊካርቦኔት ብልቃጥ የወጣ ቢስፌኖል ኤ ነበር። ይህንንም በ1993 አሳተሙ።

አስገራሚው ነገር፣ ኬሚካሉ ሆርሞን መሳይነቱ ከዚያ በፊትም የታወቀ መሆኑ ነው። ቢስፌኖል ኤ በመጀመሪያ የተሠራው በ1891 በሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ዲያኒን ነው። በ1936 ደግሞ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስና ባልደረባው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ሲፈልጉ፣ ይህ ሞለኪውል እንደ ኢስትሮጅን የመሥራት ጠባይ እንዳለው አይተው ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ያው ሞለኪውል የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ሆነ። አንዱ የሙያ ዘርፍ ያወቀውን ሌላው ሳይጠይቀው ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

መርዝ ሳይሆን የተሳሳተ መልእክት

ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱ በደም ተጉዞ ሕዋሱ ዘንድ ሲደርስ «ተቀባይ» ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይገጥማል፤ ቁልፍ ከቁልፍ ጉድጓዱ ጋር እንደሚገጥም ማለት ነው። ሕዋሱም በተላከለት ትእዛዝ መሠረት ይከፈላል፣ ያድጋል፣ ይጓዛል ወይም ይሞታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ በቅርጹ ሆርሞን የሚመስል ባዕድ ሞለኪውል ቢገባ ሕዋሱን መግደል አያስፈልገውም፤ ያልተላከ መልእክት ማድረሱ ወይም የተላከውን ማገዱ ይበቃል። እንደነዚህ ያሉት «ሆርሞን አዋኪ» ኬሚካሎች ተብለው መጠራት የጀመሩት በ1991 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቲዮ ኮልቦርን የሰበሰበችው የሳይንቲስቶች ጉባኤ ካስታወቃቸው ወዲህ ነው።

«መጠኑ እኮ እጅግ ጥቂት ነው» የሚል ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል። ተማሪዎቻችን ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። የአንድ ሞል ቢስፌኖል ኤ ክብደት 228 ግራም ያህል ነው። አንድ ናኖ ግራም፣ ማለትም የግራም ቢሊዮንኛ፣ በአቮጋድሮ ቁጥር ሲሰላ ወደ 2.6 ትሪሊዮን የሚጠጋ ሞለኪውል ይይዛል። ሆርሞኖችም በደም ውስጥ የሚገኙት በዚህ ዓይነት እጅግ ቀጭን መጠን ነው፤ ሰውነት የሚሰማቸው ተቀባዮቹ ጥቂቱን እንዲለዩ ሆነው ስለተሠሩ ነው። ስለዚህ «ጥቂት» የሚለው ቃል ብቻውን አያጽናናም። እንዲያውም የሆርሞን ጠባይ አንዳንዴ በጥቂት መጠን አንድ ዓይነት፣ በብዙ መጠን ሌላ ዓይነት ውጤት መስጠት በመሆኑ፣ ከብዙው ተነሥቶ የጥቂቱን ውጤት መገመት ሊያሳስት ይችላል።

አንጎል የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው

በሰው የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ወደ 16 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ማለት ይቻላል ሁሉም የሚፈጠሩት በማኅፀን ውስጥ ነው። ሥራው 5 ወር ያህል ይፈጃል ብለን ብናካፍለው በየደቂቃው ከ70,000 በላይ ሕዋስ መወለድ አለበት ማለት ነው። የተወለደው ሕዋስም ከተወለደበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ተመደበለት ስፍራ ይጓዛል፤ እዚያም ከጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። ጉበት ቢቆስል መልሶ ይተካል፤ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል። የአንጎል ቅርፊት ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደገና አይሠራም። ስለዚህ እናቲቱን ምንም የማይሰማት መጠን ለጽንሱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ግንባታ ከሚመሩት ሆርሞኖች አንዱ ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው ታይሮክሲን ነው። የጽንሱ የራሱ ዕጢ በቂ ሆርሞን ማመንጨት የሚጀምረው ከእርግዝናው አጋማሽ ገደማ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ የእናቱን ሆርሞን ይካፈላል። ታይሮክሲን ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። በደጋው ሀገራችን ስለ እንቅርት የማያውቅ የለም። አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ እንደሚችል ሕክምና ካረጋገጠ ቆይቷል። በኢትዮጵያ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 በደንብ የተደነገገውም ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች 15 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 89 ከመቶ ደረሱ።

ለመሆኑ ፕላስቲክ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? የታይሮክሲንን ሞለኪውል የሣለ ተማሪ በአንድ የኦክሲጅን አቶም የተያያዙ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችንና በእነርሱ ላይ የተለጠፉ 4 የአዮዲን አቶሞችን ያገኛል። ቀደም ብለን ከጠቀስናቸው እሳት ተከላካዮች በሰው ደም ውስጥ አዘውትሮ የሚገኘውን አንዱን ቢሥል ደግሞ በአንድ የኦክሲጅን አቶም የተያያዙ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችንና 4 የብሮሚን አቶሞችን ያገኛል። ብሮሚንና አዮዲን በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ በአንድ ዓምድ ተከታትለው የተቀመጡ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ መምሰላቸው ያስደነግጣል። በእንስሳት ሙከራም እነዚህ ውህዶች የታይሮይድ ሆርሞንን መጠን ዝቅ ሲያደርጉ ታይተዋል። በ2010 በኒው ዮርክ የተደረገ ጥናት ሲወለዱ በእትብታቸው ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን የተገኘባቸው ሕፃናት እስከ 6 ዓመት ዕድሜያቸው በተሰጧቸው የአእምሮ ዕድገት ፈተናዎች ዝቅተኛ ውጤት ማምጣታቸውን ዘግቧል። የስቶክሆልም ስምምነት ከእነዚህ ውህዶች ዋና ዋናዎቹን በ2009 በታገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አሮጌዎቹ ዕቃዎች ግን በየቤቱና በየቆሻሻ መጣያው አሁንም አሉ።

የጾታ ሆርሞኖችም በማኅፀን ውስጥ አንጎልን በመቅረጽ ድርሻ አላቸው። አንዳንድ ፋታሌቶች በወንድ የእንስሳት ጽንስ ውስጥ የቴስቶስቴሮንን ምርት እንደሚቀንሱ በሙከራ ተረጋግጧል። የጥርጣሬው ሁለተኛ መንገድ ይህ ነው።

ከእናቶችና ከልጆች የተገኘው መረጃ

ነፍሰ ጡር ሴትን ሆን ብሎ ኬሚካል አጠጥቶ ውጤቱን መጠበቅ አይቻልም፤ አይገባምም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የእናቶችን ሽንት በእርግዝና ጊዜ ወስደው ያስቀምጣሉ፤ ልጆቹ እስኪያድጉም ይጠብቃሉ።

በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ የተደረገ ጥናት 328 እናቶችንና ልጆችን ተከታትሏል። በ2014 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ሁለት የፋታሌት ዓይነቶች በብዛት ከተገኙባቸው አንድ አራተኛ እናቶች የተወለዱ ልጆች በ7 ዓመታቸው የአይ.ኪው. ውጤታቸው ዝቅተኛ መጠን ከተገኘባቸው አንድ አራተኛ እናቶች ልጆች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ6.6 እና በ7.6 ነጥብ ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ የእናቲቱን የአእምሮ ብቃት፣ የትምህርት ደረጃና የቤቱን ሁኔታ በስሌቱ ውስጥ አስገብተዋል።

በስዊድን ቬርምላንድ አውራጃ «ሴልማ» የተባለው ጥናት ደግሞ ቋንቋን ተመለከተ። በ2018 በታተመው ውጤት 963 የስዊድንና 370 የአሜሪካ ሕፃናት ተካተዋል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የ2 ዓመት ተኩልና የ3 ዓመት ገደማ ልጅ ስንት ቃል ይናገራል? ከ50 ቃል በታች የሚናገሩት ወደ 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። የእናቲቱ የሁለት ፋታሌቶች መጠን እጥፍ በሆነ ቁጥር ልጁ በቋንቋ የመዘግየቱ ዕድል ከ25 እስከ 40 ከመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ።

በ2022 እነዚሁ የስዊድን መረጃዎች ወደ ላቦራቶሪ ተወሰዱ። ተመራማሪዎቹ በእናቶቹ ሰውነት የተገኙትን ኬሚካሎች፣ የፕላስቲክ ብቻ ያልሆኑትንም ጨምሮ፣ በተገኙበት ምጣኔ ቀላቅለው ከሰው ሕዋስ በላቦራቶሪ ባደገ የአንጎል ኅብረ ሕዋስ፣ በእንቁራሪት እጭና በዓሣ ላይ ሞከሩት። ቅልቅሉ የሆርሞን መንገዶችንና ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ጂኖችን ሥራ አወከ፤ የእጮቹን እንቅስቃሴም ለወጠ። ከሙከራው የተገኘውን የስጋት መጠን ወደ እናቶቹ መልሰው ሲያነጻጽሩት እስከ 54 ከመቶ የሚሆኑት ልጆች በማኅፀን ሳሉ ከዚያ በላይ ተጋልጠው ነበር። የሰው መረጃና የላቦራቶሪ ሙከራ ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸው ጥርጣሬውን አጠናክሮታል።

«ሊጎዱ ይችላሉ» የምንለው ለምንድን ነው?

ጥንቁቅ አንባቢ በርዕሰ ጉዳያችን ላይ «ሊጎዱ ይችላሉ» እንጂ «ይጎዳሉ» አለማለታችንን ያስተውላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ አይሆንም። የታሸገ ምግብ አብዝተው የሚበሉ እናቶች በሌላም ነገር፣ ለምሳሌ በገቢ ወይም በሥራ ጫና፣ ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉ። ተመራማሪዎች የሚያውቁትን ልዩነት በስሌት ያስወግዳሉ፤ የማያውቁትን ግን ማስወገድ አይችሉም። ከዚህም በላይ ቢስፌኖል ኤ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት የሚወጣ በመሆኑ፣ የአንድ ቀን ሽንት የዘጠኝ ወሩን ታሪክ በሙሉ አይናገርም። በመለኪያ ላይ ያለ እንዲህ ዓይነት ብዥታ ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ዝምድና አደብዝዞ የሚያሳይ ቢሆንም፣ የተለያዩ ጥናቶች የተለያየ ውጤት እንዲያመጡም ያደርጋል። በእርግጥም ዝምድና ያላገኙ ጥናቶች አሉ።

የመንግሥታት ተቆጣጣሪዎችም አልተስማሙም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 4 ማይክሮ ግራም ቢስፌኖል ኤ ፈቅዶ ነበር። በ2023 ይህን ወደ 0.2 ናኖ ግራም አወረደው፤ 20,000 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ይህ ውሳኔ በዋናነት የተመሠረተው በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ላይ በታየ ለውጥ እንጂ በአንጎል ላይ አልነበረም። የጀርመን ተመሳሳይ ተቋም ስሌቱን ተቃውሞ 200 ናኖ ግራም ይበቃል አለ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በበኩሉ ሰፊ የአይጥ ጥናት አካሂዶ በ2018 የተፈቀዱት አጠቃቀሞች ለሕዝብ አስተማማኝ ናቸው ሲል፣ በዚያው ጥናት የተሳተፉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በአንጎልና በሌሎች አካላት ላይ በዝቅተኛ መጠን ለውጥ አይተናል አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የሕፃናት ጡጦ በቢስፌኖል ኤ እንዳይሠራ በ2011 ከልክሎ፣ ምግብ በሚነኩ ዕቃዎች በአጠቃላይ እንዳይገባ የሚያግደውን ደንብ ደግሞ በ2024 መጨረሻ አጽድቋል።

እገዳ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። «ከቢስፌኖል ኤ ነጻ» የሚል ጽሑፍ የያዙ ብዙ ዕቃዎች ቢስፌኖል ኤስ በተባለው ወንድሙ ተሠርተዋል። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የታተመ ሙከራ የዜብራ ዓሣ ሽሎችን እጅግ ዝቅተኛ ለሆነ መጠን አጋለጠ። ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ያለጊዜያቸው የሚወለዱት የነርቭ ሕዋሳት በቢስፌኖል ኤ 180 ከመቶ፣ በምትኩ በገባው በቢስፌኖል ኤስ ደግሞ 240 ከመቶ ጨመሩ፤ ዓሦቹም ሲያድጉ ዕረፍት የለሽ ሆኑ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም።

ጥቂት ነጥብ ለምን ያሳስበናል?

አንድ ልጅ በፈተና 5 ነጥብ ቢያንስ እናቱም መምህሩም አያውቁትም። ለሕዝብ ግን እንዲህ አይደለም። የአይ.ኪው. ውጤት አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 ሆኖ በደወል ቅርጽ ይሰራጫል። ከአንድ ሚሊዮን ልጆች ከ70 በታች የሚያገኙት 23,000 ገደማ፣ ከ130 በላይ የሚያገኙትም እንዲሁ 23,000 ገደማ ናቸው። አሁን ለምሳሌ ያህል አማካዩ በ5 ነጥብ ወደ ታች ተንሸራተተ እንበል። ከ70 በታች የሚሆኑት ወደ 48,000 ይጠጋሉ፤ ከ130 በላይ የሚሆኑት ወደ 10,000 ይወርዳሉ። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ከእጥፍ በላይ ጨመሩ፤ የላቀ ተሰጥኦ ያላቸው ከግማሽ በታች ሆኑ። በየቤቱ የማይታየው ለውጥ በሀገር ደረጃ ሲደመር ይህን ያህል ነው።

በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1920ዎቹ መጨመር ሲጀምር፣ በ1925 አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን አደጋውን በአደባባይ አስጠንቅቃ ነበር። «ማስረጃው ይሟላ» ተባለ። ማስረጃው ተሟልቶ፣ ለመኪና የሚሸጠው እርሳስ ያለው ቤንዚን ከዓለም ላይ በሙሉ የጠፋው በ2021 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ማስረጃ ሆነው ያደጉት ልጆች ናቸው። ፕላስቲክ ከእርሳስ ጋር አንድ ነው አንልም፤ የእርሳስ ማስረጃ እጅግ የጠነከረ ነው። የምንለው፣ የአንጎል ጉዳት በእርግጠኝነት እስኪታወቅ መጠበቅ አንድ ትውልድ ይፈጃል፤ የተጎዳውም አንጎል እንደገና አይሠራም ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከላይ የተመለከትነውን ይዘን ወደ ዕለት ኑሯችን ብንመጣ፣ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው የሚያስፈልገው። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ግልጽ ጠርሙስ በአብዛኛው ፔት ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ቢስፌኖል ኤ ጥሬ ዕቃው አይደለም። ፌስታልም ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮው ለስላሳ ከሆነው ፖሊኢትሊን ስለሚሠራ ማለስለሻ አያስፈልገውም። ነገር ግን ቀለምና ሌሎች ቅመሞች ይጨመሩበታል፤ ከተጣለ ፕላስቲክ ተመልሶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከቀድሞው ዕቃ የመጣውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ሦስት ነገሮች ሲገናኙ መሻገሩ ይበረታል፤ ሙቀት፣ ቅባትና ጊዜ። ከምድጃ የወረደ ትኩስ ሽሮ ወይም ወጥ በፌስታል ተቋጥሮ ሲወሰድ ሦስቱም አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ትኩሱን በብረት፣ በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ መያዝ፣ ትኩስ እንጀራን በላስቲክ ከመሸፈን በፊት ማብረድ፣ የፈላ ወተትና ሻይ ለፕላስቲክ ዕቃ አለመስጠት፣ ያረጀና የተጫጫረ የፕላስቲክ ሳህን ለምግብ አለመጠቀም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደረሰኝ ለሕፃን መጫወቻ አይሰጥም። የቤት አቧራን በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት፣ ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ማስታጠብ፣ የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽፋንና ሽቦ አለማቃጠል ለእሳት ተከላካዮቹ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ያለው ጨው ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው። የታይሮይድ ሆርሞን አስቀድሞ በአዮዲን እጦት ከተዳከመ፣ ሌላ አዋኪ ሲጨመርበት የሚቋቋምበት ትርፍ ጉልበት አይኖረውም ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ሁለት ነገሮችን ደግሞ በጥብቅ እናሳስባለን። እነዚህ ኬሚካሎች በእናት ጡት ወተት ውስጥ ተገኝተዋል ቢባልም ለሕፃን ከእናት ጡት የተሻለ ምግብ የለም። ሐኪም ያዘዘው ደም ወይም ግሉኮስ በፕላስቲክ ከረጢት ስለመጣም ሕክምናው እንዲቀር ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያድነው ሕይወት ከሚያሳስበው ነገር ይበልጣልና።

በዚህ ጽሑፍ የጠቀስናቸው የእናቶችና የልጆች ጥናቶች የተደረጉት በአሜሪካና በስዊድን ነው። የእኛ እናቶች ምግባቸው፣ ጨዋቸው፣ የሚጠቀሙበት ዕቃና የሚኖሩበት ቤት ከእነዚያ ይለያል። እነርሱን የሚመለከተው መልስ ከሌላ ሀገር ተገልብጦ አይመጣም፤ ሽንቱን የሚሰበስብ የጤና ባለሙያ፣ ሞለኪውሉን የሚለካ ኬሚስት፣ መለኪያውን የሚያስተካክል የፊዚክስ ሰው፣ ቁጥሩን የሚተነትን የስታቲስቲክስ ሰው፣ የልጆቹን ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚቆጥር የቋንቋ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ይህን ሥራ የሚጀምሩ እንደሚኖሩ ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው ድረስ ግን ትኩሱን ወጥ በሳህን እንያዝ።